የማይጮኽ ጅራፍ

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፥ ቅዳሜ ጥዋት ፀሓይ ገና ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሳትል፥ በሜሪላንድ በጌይተርስበርግ ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከክሎፐር ሐይቅ ዳር ቆሜ፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ ያገሬ ሰው ቀኝ እጃቸውን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፥ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሲወስዱ፥ ከዘንጋቸው ጫፍ የወጣው ብጫ ገመድ ከራሳቸው በላይ ታጥፎ፥ ከዚያም ራሱን በራሱ እየፈታ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ፥ ያለ አንዳች ድምፅ በውሃው ላይ ሲያርፍ አየሁ። በገመዱ ጫፍ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ የላባ ዝንብ ታስራ ነበር። እርሷ ካረፈች በኋላ አምስት ያህል ቈጥሬ ሳልጨርስ ውሃው ተከፈተ፥ ከንፈር የመምጠጥ ያህል ድምፅ ተሰማ፥ ዘንጉም ጐበጠ።

«ይህን ዘንግ በስንት የገዛሁት ይመስልሃል፥ ልጄ?» አሉኝ ዓይናቸውን ከገመዱ ሳያነሡ።

«ከሁለት መቶ ዶላር አያንስም» አልኋቸው።

«በሃያ አምስት! ጎረቤቴ ቤት ሲቀይር አሮጌ ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ሲሸጥ ነው ያገኘሁት።»

ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለ ለመኑኝ ጋሼ እያልኩ ብቻ አነሣቸዋለሁ። በዋሺንግተን ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕርግ ያበቁ፥ አሁን በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ አገር ፍላይ ፊሺንግ የሚባለውን፥ በላባ ዝንብ ዓሣ የማጥመድን ጥበብ፥ በዓይናቸው መጀመሪያ ያዩት ግን በአሜሪካ ሳይሆን በባሌ ነው፤ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው በዲንሾ በኩል ሲያልፉ፥ አንድ ፈረንጅ ከዳንካ ወንዝ ውስጥ እስከ ጕልበቱ ቆሞ፥ በእርሳቸው አነጋገር «ወንዙን ሲገርፈው» አይተው፥ ሾፌሩ ለሞተሩ ውሃ እስኪቀዳ ድረስ ቆመው ተመልክተዋል። ያ ሰው ያጠምደው የነበረው ትራውት የተባለው የብርድ ውሃ ዓሣ የባሌ ወንዞች ተወላጅ አይደለም፤ ከሩቅ አገር ወደ ኬንያ ደጋ፥ ከኬንያም ወደ ባሌ ደጋ ተሻግሮ የተለቀቀ፥ የዳንካና የወይብ ቀዝቃዛ ውሃ ስለ ተስማማውም በዚያው የቀረ እንግዳ ነው። ጋሼም ያን ጊዜ ያዩትን ሳይረሱ ቈይተው፥ ልጆቻቸው ከቤት ከወጡ በኋላ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዘንግ ያዙ።

እኔ ወደዚህ ጥበብ ስገባ እንዲህ ያለ መምህር አልነበረኝም። ወደ አንድ ሱቅ ገብቼ ጀማሪ መሆኔን ገልጬ ምክር በጠየቅሁ ጊዜ፥ ሻጩ እንደ እጅ ሰዓት ተለቅሞ የተሠራ፥ ሪል የሚሉትን የገመድ መጠቅለያ በ190 ዶላር ሸጠልኝና፥ ገመዱን ግን «ማንኛውም ይሆናል» ብሎ በመደርደሪያው ግርጌ የቈየውን አንሥቶ ጠቀለለበት። ዘንጌ ቍጥር 5 ሲሆን ገመዱ ቍጥር 3 መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ በየሳምንቱ ወደ ውሃ እየወረድሁ፥ ገመዱ ከፊቴ ሦስት ክንድ እንኳ ሳይርቅ ከእግሬ ሥር እንደ ተበተነ ልቃቂት ሲከመር፥ ጥፋቱ ሁሉ የእጄ እየመሰለኝ ብዙ አዝኛለሁ። ገንዘቤ የሄደው በማያስፈልገው ዕቃ ላይ ነበር፤ ለሚያስፈልገው አልተረፈም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም፥ ከወገኖቼ መካከል ብዙዎች ይህን ነገር የባለጠጎች ጨዋታ ነው ብለው ከሩቅ ሲተዉት፥ የቀሩትም እንደ እኔ ከተሳሳተው ዕቃ ጀምረው ተስፋ ቈርጠው ሲመለሱ ስላየሁ ነው።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በገመዱ ውስጥ ነው። በሌላው የማጥመድ ዓይነት መንጠቆውን ርቆ እንዲሄድ የሚያደርገው በገመዱ ጫፍ የታሰረው እርሳስ ነው፤ ክብደቱ ይወረወራል፥ ቀጭኑ ገመድ ተከትሎ ይጐተታል። በላባ ዝንብ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝንቢቱ ክብደት የሌላት በመሆኗ እንኳንስ ገመድ ልትጐትት ራሷም ርቃ ልትሄድ አትችልምና፥ የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው፤ ስለዚህም ወፍራምና ከባድ ሆኖ፥ ወደ ጫፉ እየቀጠነ እንዲሄድ ተደርጎ ይሠራል። ይህን ነገር ለደገኛ ልጅ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሁሉ ያውቀዋል። ጅራፍ በእጀታው በኩል ወፍራም፥ በጫፉ በኩል እንደ ክር የቀጠነ የሆነበት ምክንያት፥ ከክንድ የተነሣው ኀይል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ በሄደ መጠን የሚያንቀሳቅሰው ክብደት እያነሰ ፍጥነቱ እየበረታ እንዲሄድ ነው፤ ከጫፉ ሲደርስም ከድምፅ ፍጥነት አልፎ ያንን የምናውቀውን ጩኸት ያሰማል። የዝንብ ገመድም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ጅራፍ ሲጮኽ ልጁ ይመሰገናል፤ የዝንብ ገመድ ሲጮኽ ግን፥ ገመዱ በስተኋላ ተዘርግቶ ሳያበቃ እጅ ወደ ፊት መቸኰሉን ያስታውቃል፥ ዝንቢቱም ብዙ ጊዜ ተበጥሳ ትቀራለች።

እንግዲህ ጀማሪ ያለውን ጥቂት ገንዘብ በገመዱ ላይ ማዋል አለበት፤ ይህን ያለ ማወላወል እናገራለሁ። የአሜሪካ የማጥመጃ ዕቃ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 በተስማሙበት ሥርዓት፥ እያንዳንዱ ገመድ የመጀመሪያው 30 ጫማ፥ ማለት 9 ሜትር ያህሉ፥ ተመዝኖ በክብደቱ ልክ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቍጥር 5 የሚባለው 140 ግሬን፥ ማለት 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ዘንጉም የሚስማማው የገመድ ቍጥር ከእጀታው በላይ ተጽፎበታል። ሁለቱ ቍጥሮች ካልተስማሙ ዘንጉ በልኩ አይጐብጥም፥ ካልጐበጠም አይወረውርም፤ የእኔ አንድ ክረምት ያለቀው በዚህች በሁለት ቍጥር ልዩነት ነው። ለትንንሽና ለመካከለኛ ዓሦች 9 ጫማ ርዝመት ያለው ቍጥር 5 ዘንግ፥ ከእርሱም ጋራ ወደ ፊቱ የከበደና በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቍጥር 5 ገመድ ቢያዝ ለብዙ ዓመት ይበቃል።

ጋሼ ሁለተኛውን ጅምሬን በመሩልኝ ጊዜ የከፈልሁትን ልንገር። ዘንጉ ሰው የተጠቀመበት ሆኖ በ25 ዶላር፥ መጠቅለያው እንዲሁ ያገለገለ ሆኖ በ15፥ ገመዱ ግን አዲስ ሆኖ በ45፥ ሦስት ጥቅል ናይለን ክር በ15፥ በጠቅላላው 100 ዶላር ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ሱቅ ከገዛሁት መጠቅለያ ዋጋ እኵሌታውን በጥቂት ያልፋል። በትንንሽ ዓሦች ዘንድ መጠቅለያ ገመድ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ዓሣው የሚሳበው በግራ እጅ ነውና።

አሮጌ ዘንግ ሲገዛ ግን መመርመር ያስፈልጋል። ጋሼ ከኪሳቸው ጥጥ ያወጡና ገመዱ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጥ አንድ በአንድ ያሳልፉታል፤ ከጥጡ አንዲት ክር እንኳ ተይዛ ከቀረች፥ ያ ቀለበት ተሰንጥቋል፥ ገመዱንም እየላገ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ከዚያም የዘንጉን ክፍሎች ገጣጥመው በጆሯቸው አጠገብ ያወዛውዙታል፤ መጋጠሚያው ካንቋቋ መልሰው ያስቀምጡታል።

በወፍራሙ ገመድና በዝንቢቱ መካከል ሊደር የሚባል፥ ውሃ ውስጥ የማይታይ የናይለን ክር ይገባል፤ እርሱም እንደ ጅራፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፥ በቤት ግን 20 ፓውንድ ከሚችለው ክር 4 ጫማ፥ 12 ከሚችለው 3 ጫማ፥ 6 ከሚችለው 2 ጫማ ቈርጦ በቅደም ተከተል ቢያያዙት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቋጠሮውም ቀላል ነው፤ ሁለቱን ጫፎች ጐን ለጐን አስተኝቶ፥ አንድ ላይ ቀለበት ሠርቶ፥ በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ካሳለፉ በኋላ በምራቅ አርጥቦ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ነው። ምራቁ የሚረሳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቃል፥ የሞቀውም ይደክማል። በሱቅ የሚገኘው ቀጭን ክር በኤክስ ቍጥር ይጻፍበታል፤ ያንን ቍጥር ከ11 ቢቀንሱ ውፍረቱ በኢንች ሺኛ ይገኛል፤ 4 ኤክስ የተባለው 7 ሺኛ ኢንች ነው ማለት ነው።

ወደ ዝንቢቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ። በጋሼ ቤት በምግብ ጠረጴዛው ዳር፥ ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው ውድ መያዣ በሌለበት፥ አንዲት ትንሽ ፒንሳ እጀታዋ በላስቲክ ተጠፍንጎ መንጠቆውን ነክሳ ትቆማለች። ከፖስታ ውስጥ የሚወጣው ላባ የፋሲካው አውራ ዶሮ ላባ ነው፤ ለዶሮ ወጥ ከገበሬ በቁሙ ተገዝቶ ታርዶ፥ ባለቤታቸው ሥጋውን ሲበልቱ እርሳቸው የአንገቱን ላባ ለቅመው በሳሙና አጥበው በጋዜጣ ላይ አድርቀውታል። በመንጠቆው እግር ላይ ቀይ የሱፍ ክር ከጫፍ እስከ ራስ ይጠመጥማሉ፤ በራሱ በኩል አንዱን ላባ በጫፉ ያስሩና ሦስት ጊዜ ብቻ ያዞሩታል፤ ሲዞር የላባው ጠጕሮች አንድ በአንድ ቀጥ ብለው ይነሡና እንደ ሦስት አፅቄ እግር ይሆናሉ። አራተኛ ጊዜ ሊያዞሩ ሲሉ እጃቸውን ያቆማሉ፤ «ሲበዛ ጃርት ይሆናል» ይላሉ። ከዚያ ክሩን ቋጥረው ከባለቤታቸው የጥፍር ቀለም አንዲት ጠብታ ያሳርፉበታል። መንጠቆው በብዛት ከተገዛ አንዲት ዝንብ ጥቂት ሳንቲም ብታወጣ ነው፤ በሱቅ ግን እኔ ለእያንዳንዷ ሁለት ዶላር ከፍያለሁ።

ይህን ሲሠሩ ባየሁ ጊዜ አንድ የጥንት ነገር ትዝ አለኝ። ኤልያኖስ የተባለው በሮም የኖረ ጸሓፊ፥ ከክርስቶስ ልደት በኋላ 200 ዓመት ገደማ ስለ እንስሳት ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ፥ በመቄዶንያ በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል በሚፈስስ ወንዝ፥ ማለት ሐዋርያው ጳውሎስ በሌሊት ከተሰሎንቄ ወጥቶ ወደ ቤርያ በሄደበት አገር፥ ሰዎች ዓሣ ስለሚያጠምዱበት ዘዴ ይናገራል። እነዚያ ሰዎች በወንዙ ላይ የምትበርረውን ዝንብ በእጅ ቢይዟት መልኳ ስለሚጠፋ፥ በመንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፥ ከአውራ ዶሮ ኩክኒ ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎች ያስሩበት ነበር፤ ዘንጋቸው ስድስት ጫማ፥ ክራቸውም ስድስት ጫማ ነበር። ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ! ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመት በኋላ በሜሪላንድ በአንድ ኢትዮጵያዊ ጠረጴዛ ላይ የማየው ያንኑ ነው። በእንግሊዝ አገርም ፍራንክ ሶየር የተባለው የኤቨን ወንዝ ጠባቂ እጅግ የታወቀችውን ዝንቡን የሠራት ከቆቅ ወገን ከሆነው ከፌዛንት ወፍ የጅራት ላባና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው፤ ክር እንኳ አልጨመረባትም። ይህ ጥበብ በመሠረቱ የድኻ ጥበብ ነበር ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው ከተሟላ በኋላ ወደ ውሃ መሮጥ አያስፈልግም። ጋሼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሣር ሜዳ አላስወጡኝም። በመንጠቆው ፈንታ የቀይ ሱፍ ጕንጕን አስረው፥ በየማታው ሩብ ሰዓት ብቻ አሠሩኝ፤ ከዚያ ከበለጠ ክንድ ይደክማል፥ የደከመ ክንድም ክፉ ልማድ ይማራል። በጐኔ በኩል የሰዓት ገጽ ቆሟል ብዬ እንዳስብ፥ ዘንጉንም ወደ ፊት 10 ቍጥር ካለበት፥ ወደ ኋላ 1 ቍጥር ካለበት እንዳላሳልፍ ነገሩኝ። ከሁሉ የከበደኝ መቆሙ ነበር። እጅ ወደ ኋላ ሄዶ ቀጥ ብሎ መቆም፥ ገመዱም በስተኋላ እስኪዘረጋ ድረስ በጽሞና መጠበቅ አለበት፤ ርቀቱ በጨመረ መጠን መጠበቁም ይረዝማል። ዓይን የማያየውን በስተኋላ ያለውን ገመድ እጅ ብቻ ያውቀዋል፤ ተዘርግቶ ሲያበቃ ዘንጉን በቀስታ ሳብ ያደርጋል። ያችን ሳብታ መጀመሪያ ያወቅሁባት ማታ ዛሬም ትታወሰኛለች።

የት ይጀመር ለሚል ሰው፥ ትራውት ፍለጋ ሩቅ ተራራ ከመሄድ ይልቅ በሰፈሩ ካለው ኵሬ ብሉጊል የሚባለውን፥ ከመዳፍ የማይበልጥ፥ ጐኑ ጠፍጣፋ፥ ደረቱ ብርቱካን የመሰለውን ዓሣ እመርጥለታለሁ። በዚህ አገር ከዳር እስከ ዳር ይገኛል፤ ይራባል፥ ይደፍራል፥ ለትልቅነቱም የማይመጥን ትግል ይታገላል። ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፥ ማለት በእኛ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ወራት፥ ወንዱ ወደ ዳር ወጥቶ በጅራቱ አሸዋውን እየጠረገ እንደ ሳሕን የጐደጐደ ጐጆ ይሠራል፤ በአንድ ቦታም ብዙ ሳሕኖች ተጠጋግተው ይታያሉ። እንቍላሉን የሚጠብቀው አባቱ ነውና፥ ከጐጆው ላይ የተያዘውን ሳያቈዩ ወዲያው መመለስ ይገባል። እጅንም አስቀድሞ በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ቆዳ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ልባስ ይገፍፈዋል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ በሜሪላንድ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ከግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለትራውት ደግሞ ተጨማሪ ማኅተም ይከፈላል። በሰኔ መግቢያ፥ እንደ ፈረንጅ በጁን ወር ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና በጁላይ 4 ቀን ግን ማንም ያለ ፈቃድ ቢያጠምድ ስለ ተፈቀደ፥ ለመሞከር የሚፈልግ ከእነዚህ ቀኖች አንዱን ይጠብቅ። ሁለት ነገሮችን ግን ገንዘብ የለኝም ብሎ አይተው፤ አንደኛው መነጽር ነው፥ ነፋስ የመለሰው መንጠቆ ዓይን ላይ ሊያርፍ ይችላልና። ሁለተኛው ምንም አያስከፍልም፤ የመንጠቆውን ወደ ኋላ የተመለሰች ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት ነው፤ ከዓሣው አፍም ከሰው ጣትም በቀላሉ ይወጣል።

የቀረው ሁሉ ይቈይ። የጐማ ሱሪው፥ ባለ ብዙ ኪሱ ሰደርያ፥ መረቡ፥ ለሌላ ዓመት ይደርሳሉ፤ በሙቀቱ ወራት በአሮጌ ሸራ ጫማና በቁምጣ ውሃ ውስጥ መግባት ይቻላል። ከዚህም ይበልጥ ማቅለል የሚሻ፥ ጃፓኖች ቴንካራ የሚሉትን ይመልከት፤ መጠቅለያ የለውም፥ ረጅም ዘንግ፥ በጫፉ የታሰረ ክር፥ ዝንብ፥ ይኸው ነው። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2009 ወዲህ ታውቋል፤ የመቄዶንያ ሰዎች ቢያዩት የራሳቸው ዘንግ ይመስላቸው ነበር።

ከብሉጊል በኋላ ወደ ትራውት ማለፍ ለሚፈልግ ከባልቲሞር በስተሰሜን ያለው ገንፓውደር ወንዝ አለለት፤ የፕሪቲቦይ ግድብ ከሐይቁ ከጥልቁ ቀዝቃዛውን ውሃ ስለሚለቅ፥ ሌላው ወንዝ በሐምሌ ሲሞቅ እርሱ ብርዱን ጠብቆ ይቈያል። ሌፍቲ ክሬህ የተባለው፥ በሜሪላንድ በፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1925 ተወልዶ በ2018 ያረፈው ታላቅ የዚህ ጥበብ መምህር በዚሁ አካባቢ የኖረ ነው። እርሱም የጀመረው በትራውት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በፖቶማክ ወንዝ ላይ ጆ ብሩክስ የተባለው አጥማጅ በላባ ዝንብ ባስ የተባለውን ዓሣ ደጋግሞ ሲይዝ አይቶ፥ ወዲያው ወደ ባልቲሞር ሄዶ የመጀመሪያ ዘንጉን ገዛ።

በነሐሴ 13 ቀን፥ በደብረ ታቦር በዓል፥ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉና ከአገር ቤት የመጣውን ጅራፍ እየተቀባበሉ ሲያጮኹ፥ ጋሼ ከመኪናቸው ዘንጋቸውን አውጥተው፥ መንጠቆ የሌለበትን ቀይ ሱፍ በጫፉ አስረው፥ ከልጆቹ አንዱን፥ የዘጠኝ ዓመቱን፥ ጠሩት። ልጁ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ኀይሉ አወዛወዘው፤ ገመዱ ጯ! ብሎ ጮኸ፥ ቀይዋም ሱፍ ተበጥሳ በሣሩ ላይ ወደቀች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ሱፏን አንሥተው፥ ምራቃቸውን እንትፍ ብለውባት መልሰው ቋጠሯትና፥ ከልጁ በስተኋላ ቆመው እጃቸውን በእጁ ላይ አኖሩ።

«አሁን ወደ ኋላ። ቁም። ቁም... ሳብ አደረገህ?»

«አዎን።»

«እንግዲያ ሂድ።»

ገመዱ ከልጁ ራስ በላይ ታጥፎ፥ ራሱን እየፈታ ሄደና በሣሩ ላይ ተዘረጋ። ልጁ ጥቂት ጠብቆ ወደ ጋሼ ቀና አለ።

«ለምን አልጮኸም?»

«ድገመውና እንስማው» አሉት።